ከሺሺንዳ እስከ ቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ፦ የአጣዳፊ ሆድ ሕመም ምርመራና ሕክምና ታሪክ

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ፣ የውሽውሽን የሻይ ተክል ካለፉ በኋላ የምትገኘው ሺሺንዳ፣ እንደ ሌሎቹ የከፋ የገበያ ከተሞች ሁሉ የቡናና የማር፣ የቆጮና የበቆሎ መገበያያ ናት። በዙሪያዋ ባሉት ደናማ ቀበሌዎች አንድ አርሶ አደር እኩለ ሌሊት ላይ በድንገት ሆዱን ይዞ ማቃሰት ሲጀምር፣ ቤተሰቡና ጎረቤቱ ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ ለመመለስ ይገደዳሉ። አንደኛው «ሕመሙ ምንድን ነው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ወዴት እንውሰደው?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሐኪም ነው፤ ሁለተኛው ግን የመንገድ፣ የተሽከርካሪ፣ የመብራትና የውሃ ጥያቄ በመሆኑ ከመሐንዲሱ ደጅ ይደርሳል። የአጣዳፊ ሆድ ሕመም ታሪክ ሲመረመርም የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ተነጣጥሎ የማያውቅ መሆኑ በግልጽ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1921 እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ዘካሪ ኮፕ ስለ አጣዳፊ ሆድ ሕመም ምርመራ ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ቀላል መመሪያ ሰጥተው ነበር። ይኸውም ቀደም ሲል ደኅና የነበረ ሰው ከስድስት ሰዓት በላይ የቆየ ብርቱ የሆድ ሕመም ከያዘው፣ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ጥገና የሚሻ ነው የሚል ነው። ስድስት ሰዓት በአንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ ሰፊ ጊዜ ሊሆን ይችላል። በሽተኛው በቃሬዛ ተይዞ ከተራራ ወደ ሸለቆ፣ ከሸለቆ ወደ መኪና መንገድ በሚወርድበት አገር ግን ጊዜው የሚያልቀው ገና ከመንደሩ ሳይወጣ ነው።

ሆድ ተዘግቶ በነበረበት ዘመን

በጥንት ዘመን የሰው ሆድ ከፍተው የማያዩት የታሸገ ሣጥን ነበር። አገራችን የረጅም ዘመን የባህል ሕክምና ያላት እንደ መሆኗ ለቁርጠት ዳማከሴና ጤና አዳም፣ ለኮሶ ትል የኮሶ አበባ፣ ለስብራት ወጌሻ ነበሯት። እነዚህ በየፊናቸው ጠቃሚ ሆነው ኖረዋል። ይሁን እንጂ አንጀት በታጠፈበት ወይም በተበሳበት ጊዜ ሆድን ማሸትም ሆነ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣት ጉዳቱን የሚያባብስ ነው። ጥፋቱ ግን የአዋቂዎቹ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ዘመን በአውሮፓም ሐኪሞች ለእንዲህ ያለው በሽተኛ ከማስቀመጫና ከማደንዘዣ ቅመም የተሻለ የሚሰጡት አልነበራቸውም።

ሣጥኑ መከፈት የጀመረው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1735 ክላውዲየስ አሚያንድ የተባሉት ሐኪም በለንደን የአንድ የ11 ዓመት ልጅ ቡአ ሲቀዱ፣ በውስጡ መርፌ የበሳው ትርፍ አንጀት አግኝተው አወጡት። ይህም በታሪክ የታወቀው የመጀመሪያው ትርፍ አንጀት የማውጣት ሥራ ሆነ። ነገር ግን የሕመሙ ምንነት ተለይቶ ስም እስኪወጣለት ድረስ ተጨማሪ አንድ መቶ ኃምሳ ዓመት ፈጅቷል። አሜሪካዊው ሐኪም ሬጂናልድ ፊትስ በቀኝ የታችኛው ሆድ በኩል የሚከሰተው መግል ከትርፍ አንጀት ብግነት የሚመነጭ መሆኑን ያስረዱት እ.ኤ.አ. በ1886 ሲሆን፣ ቻርልስ ማክበርኒ ደግሞ በ1889 ጣት ሲጫነው የሚያመውን ቦታ ለይተው አመለከቱ። ከእምብርት ዙሪያ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ የሚወርድ ሕመም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማስመለስና ትኩሳት ተደምረው የሚሰጡት ፍርድ እስከ ዛሬ ድረስ ዋጋውን አላጣም።

ይህ ሕመም ለነገሥታትም እንደማይራራ ኢትዮጵያውያን መልእክተኞች በቅርብ ያዩበት ጊዜ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክን ወክለው በእንግሊዙ ንጉሥ በኤድዋርድ ሰባተኛ የንግሥ በዓል ላይ እንዲገኙ የተላኩት ራስ መኰንን ነበሩ። በዓሉ ሰኔ 19 ቀን 1894 ዓ.ም. ሊከበር ተወስኖ ሳለ፣ ሁለት ቀን ሲቀረው ንጉሡ በትርፍ አንጀታቸው አካባቢ መግል በመቋጠሩ ሰር ፍሬደሪክ ትሬቭስ በቤተ መንግሥት ውስጥ ቀደው መግሉን አፈሰሱላቸው። ንጉሡ ዳኑ፤ የዘውዱም በዓል ለነሐሴ 3 ቀን ተላለፈ። ቀዶ ጥገናው በዚያች ሰዓት ባይደረግ ኖሮ እንግዶቹ ለንግሥ የመጡበት ጉዞ ለለቅሶ ሊሆን ይችል ነበር።

በብርሃን ውስጥን ማየት

ቪልሄልም ሮንትገን በኅዳር ወር እ.ኤ.አ. 1895 ያገኙት ጨረር፣ እኛ በጣሊያንኛው ልማድ «ራጅ» የምንለው፣ ከአገራችን ታሪክ ጋር የተገናኘው ገና በተፈለሰፈ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ከዓድዋ ጦርነት ተርፈው ወደ ኔፕልስ የተመለሱ ሁለት የጣሊያን ቁስለኞች በግንቦት ወር 1896 እ.ኤ.አ. በሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ አማካይነት በራጅ ተነሥተው በክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት ተገኘ። ይህም ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሕክምና የዋለበት የመጀመሪያው ጊዜ ተብሎ ይጠቀሳል።

ጥይትና አጥንት በራጅ ጎልተው ይታያሉ፤ አንጀት ግን ለስላሳ ስለሆነ ጥላው አይለይም። ስለዚህ ጨረሩን የሚያግድ ነገር ወደ አንጀት ማስገባት አስፈለገ። በመጀመሪያ ቢስመዝ፣ ከ1910 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ጉዳት የሌለው የባሪየም ሰልፌት ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ዘዴ የትልቁ አንጀት ቅርጽ በሙሉ በፊልም ላይ ሲወጣ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሽማግሌዎች ላይ አንድ ያልተጠበቀ ነገር በብዛት ታየ፤ ከአንጀቱ ግድግዳ ወደ ውጭ ያበጡ፣ የወይን ዘለላ የመሰሉ ትናንሽ ከረጢቶች ነበሩ።

እነዚህ ከረጢቶች ዳይቨርቲኩላ ይባላሉ። ፈረንሳዊው አሌክሲ ሊትሬ በ1700 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ዣን ክሩቬይዬ ደግሞ በ1849 በሬሳ ምርመራ ጊዜ አይተዋቸው ጽፈዋል፤ ጀርመናዊው ኤርንስት ግራዘር በ1899 ከረጢቶቹ ሲቆጡ የሚያስከትሉትን ብግነት አብራርተዋል። ብግነቱ ዳይቨርቲኩላይቲስ ይባላል። በአብዛኛው በግራ ታችኛው ሆድ በኩል ስለሚያምና ትኩሳት ስለሚያስከትል፣ የጥንት ሐኪሞች «በግራ በኩል የሚመጣ ትርፍ አንጀት» ይሉት ነበር። ቀላሉ በእረፍትና በፈሳሽ ምግብ ይሽራል፤ ከባዱ ግን መግል ይቋጥራል፣ አንጀትን ይበሳል፣ ሰገራውም ወደ ሆድ ዕቃ ፈስሶ ለሞት ያደርሳል።

አንድ ሕግ፣ ሁለት አደጋ

እነዚህ ከረጢቶች በአፍሪካ ገጠር ሐኪሞች እጅ እምብዛም አለመታየታቸው ብዙዎችን ሲያስገርም ቆይቷል። በኡጋንዳ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉት ዴኒስ በርኪትና የሥራ ባልደረባቸው ኒል ፔንተር እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጽሑፍ፣ በሽታው አሰሩ የተወገደለት የተፈተገ እህል የሚመገብ ኅብረተሰብ በሽታ ነው ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ለሐሳባቸው የተጠቀሙበት መሠረት መሐንዲሶች በቧንቧና በጋን ሥራ በየቀኑ የሚያጋጥማቸው የላፕላስ ሕግ ነው። የግድግዳው ውጥረት አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ቱቦው በጠበበ መጠን በውስጡ የሚፈጠረው ግፊት ይጨምራል። ሰገራ አነስተኛና ደረቅ ሲሆን አንጀቱ ጠብቦ በኃይል ይጨመቃል፤ ግፊቱም የደም ሥሮች ጡንቻውን በስተው በሚገቡባቸው ደካማ ቦታዎች የውስጡን ሽፋን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ማንኛውም የግፊት ጋን በቀዳዳው አካባቢ እንደሚደክም ሁሉ አንጀትም በዚያው ይደክማል።

ይህ ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ያለ ክርክር አልኖረም። በብሪታንያ ከ47,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሥጋ የማይበሉና አሰር ያለው ምግብ የሚያዘወትሩ ሰዎች በሽታው እንደሚቀንስላቸው አሳይቷል። በአንጻሩ በ2012 በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ አሰር መብላት የከረጢቶቹን መፈጠር ራሱን እንደማይከለክል አመልክቷል። ዕድሜና ዘር የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸውም ታውቋል፤ በሩቅ ምሥራቅ አገሮችም ከረጢቶቹ የሚበዙት በቀኝ በኩል ነው።

ለከፋ ነዋሪ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ሌላ ነው። ቆጮ፣ በቆሎና ጎደሬ የሚመገበው ገበሬ ትልቁ አንጀቱ ረጅምና ሰፊ፣ የሚይዘውም ብዙ ነው። ይህ ዓይነቱ አንጀት ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከከረጢት የተጠበቀ ይመስላል፤ ነገር ግን የታችኛው ቅልብስ፣ ማለትም ሲግሞይድ የተባለው ክፍል፣ ረጅም ሆኖ በጠባብ መሠረት ላይ ከተንጠለጠለ፣ ሲሞላና ሲከብድ በራሱ ላይ ሊጠመዘዝ ይችላል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ለትልቁ አንጀት መዘጋት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ ይኸው የሲግሞይድ መጠምዘዝ መሆኑን ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች የወጡ ጽሑፎች ደጋግመው መስክረዋል። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች በሚኖሩ ሰዎችም ዘንድ ይኸው ነገር ጎልቶ ይታያል። እንግዲህ ከአንዱ አደጋ የጠበቀው ምግብ በሌላው አደጋ ይጠረጠራል ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። በውጭ አገር መጽሐፍ ብቻ የሠለጠነ ሐኪም የግራ ታችኛው ሆድ ሕመም ሲያይ ስለ ዳይቨርቲኩላይቲስ ሊያስብና ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሰጥቶ ሊጠብቅ ይችላል። አንጀቱ ተጠምዝዞ ከሆነ ግን መጠበቅ ሞት ነው። መልኩም የተለየ ነው፤ ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ሰገራና አየር መውጣት ያቆማሉ፣ ማስመለሱ ዘግይቶ ይመጣል። እዚህ ላይ የላፕላስ ሕግ በሌላ ፊቱ ይመለሳል። በተዘጋ አንጀት ውስጥ ግፊቱ እኩል ሲሆን ከፍተኛውን ውጥረት የሚሸከመው ሰፊው ክፍል ነው፤ ስለዚህም መዘጋቱ ሳይፈታ ሲቆይ አንጀት ከሩቅ፣ ሰፊ ከሆነው መነሻው ሊፈነዳ ይችላል። የተጠመዘዘው ቅልብስ በተራ የራጅ ፊልም ላይ ሲታይ መካከሉ ላይ መስመር ያለው ትልቅ ሞላላ ቅርጽ ይሠራል። የራጅ ሐኪሞች ይህን «የቡና ፍሬ ምልክት» ይሉታል። የቡና መገኛ በሆነችው ከፋ ይህን ምልክት ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ሕክምናው በአገራችን

ከዓድዋ ድል በኋላ የመጣው የሩስያ ቀይ መስቀል ቡድን በአዲስ አበባ ሕክምና ከጀመረ ወዲህ፣ በ1902 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቁሟል። ይሁንና ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሆድ ቀድዶ ማከም በጥቂት ከተሞችና በውጭ አገር ሐኪሞች እጅ የቀረ ጥበብ ነበር። በጅማ በ1930 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሠራው ሆስፒታል ለደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ትልቁ መጠጊያ ሆኖ ቆይቷል፤ ከቦንጋ እስከዚያ ያለው መንገድ ብቻ ከመቶ ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ሲያሰማራ፣ በሐኪም አልባ አውራጃዎች የሆድ ሕመምን የሚለይ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1964 በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም፣ በኤዲንብራ የተማሩት የቀዶ ጥገና ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የቀዶ ጥገና ልዩ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ተጀመረ፤ በጅማም የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ።

ለተጠመዘዘ አንጀት የሚሰጠው ሕክምና ደግሞ ብዙ የተራቀቀ መሣሪያ አያስፈልገውም። ኖርዌያዊው ሐኪም ክርስቲያን ብሩስጎርድ እ.ኤ.አ. በ1947 እንዳሳዩት፣ አንጀቱ ገና ያልሞተ ከሆነ በቀጥተኛ መመልከቻ መሣሪያ በፊንጢጣ በኩል ለስላሳ ቱቦ ማስገባትና አየሩን ማስተንፈስ ጥምዘዛውን ሊፈታው ይችላል። በሽተኛው ወዲያው እፎይ ይላል። ነገር ግን ጥምዘዛው ብዙ ጊዜ ስለሚመለስ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው ረጅም ቅልብስ በቀዶ ጥገና እንዲወጣ ይመከራል። አንጀቱ ደም አጥቶ ከጠቆረ ግን ቱቦ አይሞከርም፤ ሆድ ተከፍቶ የሞተው ክፍል ይቆረጣል። ፈረንሳዊው ሄንሪ ሃርትማን በ1921 ለካንሰር ሕክምና ያስተዋወቁት ዘዴ ለዚህም ለዳይቨርቲኩላይቲስም መዳኛ ሆኗል። የተቆረጠውን አንጀት ወዲያው ከመስፋት ይልቅ፣ የላይኛው ጫፍ በሆድ ግድግዳ ላይ ይወጣል፣ የታችኛው ይዘጋል፤ በሽተኛው ካገገመ በኋላ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። በእርሻ ሥራ ለሚኖር ሰው በሆዱ ላይ የሰገራ መውጫ ይዞ ለወራት መቆየት ቀላል መከራ አይደለም፤ ለመገጣጠሙም ሁለተኛ ጉዞና ሁለተኛ ወጪ ያስፈልጋል። በጊዜ የደረሰ በሽተኛ ግን ከዚህ ሁሉ ሊተርፍ ይችላል።

የመሐንዲስ ድርሻ

የሆድ ሣጥን ሳይከፈት ሙሉ በሙሉ መታየት የቻለው በአንድ መሐንዲስ ሥራ ነው። በእንግሊዝ አገር የኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ ሠራተኛ የነበሩት ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ራጅን ከኮምፒዩተር ጋር አጣምረው የሠሩት የሲቲ ስካን መሣሪያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 የመጀመሪያውን በሽተኛ መረመረ። የሒሳቡን መሠረት ቀደም ብለው ያገኙት ደግሞ በደቡብ አፍሪካ የተወለዱት የፊዚክስ ምሁር አላን ኮርማክ ነበሩ። ሁለቱ በ1979 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ተካፈሉ።

በዚህ መሣሪያ አማካይነት የዳይቨርቲኩላይቲስ ሕክምና ተለወጠ። ሂንቺና ባልደረቦቻቸው በ1978 የበሽታውን ክብደት በአራት ደረጃ ከከፈሉ በኋላ፣ ሲቲ ስካን የትኛው በሽተኛ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ሳይቀደድ ለማወቅ አስችሏል። ቋጥሮ የቆየ መግል ዛሬ በመርፌና በቱቦ ይፈሳል። በስዊድንና በአይስላንድ በ623 በሽተኞች ላይ ተደርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ቀላል የሆነው ብግነት ያለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም እንደሚድን አሳይቷል። ከዳኑ በኋላ ግን ካንሰር አለመኖሩን ለማረጋገጥ የአንጀት ውስጥ ምርመራ ማድረግ ይመከራል። የአመጋገብና የአኗኗር ለውጥ በሚታይባቸው ከተሞቻችን ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን የሚያክም ሐኪም ይህንን ዕውቀት ሊዘነጋው አይገባም።

ይሁን እንጂ ሲቲ ስካን ያለው መብራት በማይቋረጥበትና ፊልሙን የሚያነብ ባለሙያ ባለበት ቦታ ነው። የገጠር ሆስፒታል ዋና ዋና መሣሪያዎች እጅ፣ ማዳመጫ፣ ተራ ራጅና አልትራሳውንድ ናቸው። ለሺሺንዳ በሽተኛ ለውጥ ያመጣውም ከታላቁ መሣሪያ ይልቅ የሥልጠና ለውጥ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖች ሥልጠና፣ ልምድ ያላቸውን የጤና መኮንኖች በማስተርስ ደረጃ አሠልጥኖ ምጥ የተከለከለችን እናት በቀዶ ጥገና እንዲያዋልዱ፣ ትርፍ አንጀት እንዲያወጡ፣ የተጠመዘዘ አንጀት እንዲፈቱና እንዲቆርጡ አበቃቸው። የጎንደሩ የ1947 ዓ.ም. ሐሳብ ከምርመራ አልፎ እስከ ቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ደረሰ ማለት ይቻላል።

ዛሬ የሺሺንዳ በሽተኛ በአንድ ወገን በቦንጋ የሚገኘው የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል፣ በሌላ ወገን የሚዛን አማን ሆስፒታል አሉለት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ። ስለ ዓለም የቀዶ ጥገና አገልግሎት የመከረው የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ማንኛውም ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሆድ መክፈት የሚችል ተቋም ዘንድ መድረስ እንዳለበት ወስኗል። የኮፕ ስድስት ሰዓት ወደ ሁለት ወረደ። ሁለቱ ሰዓት ግን የሚቆጠረው አስፋልቱ ላይ ከተወጣ በኋላ ሳይሆን ከጎጆው ደጅ ጀምሮ ነው። በከፋ ብዙውን ጊዜ የሚበላው ከአስፋልቱ በፊት ያለው የእግር መንገድ፣ ክረምት የሚያጥለቀልቀው ወንዝና ድልድይ የሌለው ሸለቆ ነው።

ሆስፒታል ከተደረሰ በኋላም ቀዶ ጥገናው የሚሠራው ንጹሕ ውሃ፣ የቀዶ ጥገና ዕቃዎችን በእንፋሎት የሚያመክን አውቶክሌቭ፣ ኦክስጅንና ሲጠፋ የሚተካው ጄኔሬተር ያለው መብራት ሲኖር ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ምርመራው የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ፋይዳ የለውም። ሐኪሙ «አንጀቱ ተጠምዝዟል» ብሎ የሚሰጠው ፍርድ ሕይወት የሚሆነው ድልድዩ ከቆመ፣ ቧንቧው ከፈሰሰና ሞተሩ ከተነሣ ነው።

ስለዚህ በሺሺንዳ ዙሪያ ባለ አንድ ጎጆ ውስጥ እኩለ ሌሊት ላይ የሚነሡት ሁለት ጥያቄዎች አንድ ጥያቄ ሆነው ይቀራሉ። ሕመሙ ምን እንደሆነ ማወቅ ሕክምናው ዘንድ ከመድረስ ጋር ካልተጣመረ ዕውቀት ብቻ ነው። በአገራችን ለትልቁ አንጀት መዘጋት ግንባር ቀደም የሆነው አደጋ በጊዜ ከተደረሰበት በቀላል ቱቦ ሊፈታ የሚችል መሆኑ ሲታሰብ፣ በጊዜ ባለመድረስ የሚጠፋው ሕይወት የሐኪሙ ዕዳ ብቻ ሳይሆን መንገድ የሚቀይስ፣ ድልድይ የሚሠራና መብራት የሚዘረጋ ባለሙያ ሁሉ ዕዳ ጭምር ነው።